ሥራ ፈት የተባሉ ጣቶች

ኢብሲቱ ኢሜይሉን ያነበበችው ማክሰኞ ጠዋት፣ ሚኒሶታ ውስጥ ፕሊማውዝ በምትባል ከተማ በሚገኘው መሥሪያ ቤቷ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዋን እንዳቆመች ነበር። ሦስት መስመር ብቻ ነው። ባለፉት ስድስት ሳምንታት የሥራ እንቅስቃሴሽ በአማካይ ሠላሳ አንድ ከመቶ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም ከቡድኑ ሁሉ ዝቅተኛው ነው፤ ነገ ጠዋት ከአለቃሽ ከክሬግና ከሠራተኛ አስተዳደሩ ከኤችአር ጋር ስብሰባ አለሽ ይላል።

አንድ ጊዜ አነበበችው፤ ደገመችው። በስህተት የሌላ ሰው ደርሷት እንዳይሆን ብላ ከላይ የተጻፈውን ስም አየች። ኢብሲቱ የሚባል ሰው በዚያ መሥሪያ ቤት ከእሷ ሌላ የለም።

«ሠላሳ አንድ?» አለች ጮክ ብላ፣ መኪናው ውስጥ ብቻዋን። «እኔ?»

ሴትዮዋ እንዲህ የተንገበገበችበትን ምክንያት ለማወቅ ትንሽ ወደኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ኢብሲቱ የነቀምቴ ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረሰች ታይፕ ተማረችና እርሻ ቢሮ በጸሐፊነት ተቀጠረች። ያስተማሯት አቶ ጎንፋ የተማሪዎቻቸውን እጅ በጨርቅ ሸፍነው «ዓይናችሁ ከወረቀቱ አይነቀል፤ ጣት ቤቱን ራሱ ያገኛል» የሚሉ ሰው ነበሩ። ኢብሲቱ ሳታይ መጻፍ ከሁሉም ቀድማ ለመደች። ኋላ አገር ለቃ፣ ናይሮቢ ሁለት ዓመት ተንከራታ ሚኒያፖሊስ ስትገባ ግን ስለ ጣቶቿ የጠየቃት ሰው አልነበረም። የተፈለገው ጉልበቷ ነው። ሴንት ሉዊስ ፓርክ በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው አነሳች፣ አጠበች፣ አለበሰች። አንድ ቀን አንድ ግዙፍ ሽማግሌ ከአልጋ ሲወርዱ እግራቸው ከዳቸውና በቀኝ እጇ ብቻ ደግፋ ያዘቻቸው። ሰውዬው አልወደቁም። የእሷ የእጅ አንጓ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እንደ ድሮው አልሆነም። ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን ተደርጋ፣ ሐኪሙ «ከእንግዲህ ሰው ማንሳት የለም» አላት።

በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ኮሌጅ ገብታ ኮድ መጻፍ ተማረች። ባሏ ቢራቱ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ ደግፎ አስተማራት። በአርባ ዓመቷ ፕሊማውዝ ያለ፣ ለመጋዘኖች የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የሚሠራ ድርጅት ተቀጠረች።

ችግሩ ማውስ ሆነባት። በመጀመሪያው ወር፣ ማውሱን ስትገፋና ስትጫን ውላ፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አንጓዋ ያብጥ ነበር። በረዶ ይዛ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ኤዲተሩ ውስጥ፣ ማለትም ኮድ በሚጻፍበት ፕሮግራም፣ ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ ጎን በትናንሽ ፊደል የተጻፈ ነገር አስተዋለች። ኮንትሮልና ፒ፤ ኮንትሮልና ዲ፤ ኤፍ ሁለት። አቋራጮች ናቸው። ማውስ ይዘህ ሦስትና አራት ቦታ ዞረህ ወደምትደርስበት፣ አንድ ወይም ሁለት ቁልፍ ተጭነህ የምትደርስበት መንገድ።

ደብተር ገዛች። በቀን አንድ አቋራጭ ብቻ ልትማር ለራሷ ቃል ገባች፤ ከአንድ በላይ አይሆንም። ፋይል በስሙ መጥራት፣ አንድ ቃል ባለበት ቦታ ሁሉ በአንዴ መያዝ፣ መስመርን ባለበት ወደ ላይ ማንሳት፣ አንድ ስም በመቶ ቦታ ቢጻፍ በአንድ ትዕዛዝ መለወጥ። ከዚያ ማውሱን ነቅላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት መከራ ነበሩ፤ ከሁሉ ኋላ የምትቀር እሷ ሆነች። ቤት ስትለማመድ ያየቻት ልጇ ኢሊሊ እንኳ፣ እዚሁ ሚኒሶታ የተወለደችው፣ «ማም፣ ጀስት ክሊክ ኢት! ዝም ብለሽ ተጫኚው!» ብላ ስቃባታለች።

ኢብሲቱ አልተወችም። በስድስተኛው ወር ዓይኗ ከኮዱ ሳይነቀል ጣቶቿ መንገዱን ያገኙት ጀመር። በዓመቱ፣ ሌላው ሰው ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን እሷ ከምሳ በፊት ታስረክባለች። እጇም ማበጡን ተወ።

እንግዲህ «ሠላሳ አንድ ከመቶ» የተባለችው ይህች ሴት ናት።

ቁጥሩ የመጣው በጥቅምት ወር በየሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ አንድ የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም ነው። ማውሱ ስንት ጊዜ እንደተንቀሳቀሰ፣ ስንት ቁልፍ እንደተመታ ይቆጥራል። ብዙ የተንቀሳቀሰ በአረንጓዴ፣ ትንሽ የተንቀሳቀሰ በቀይ ይጻፋል። የኢብሲቱ ማውስ መሳቢያ ውስጥ ነው። የምትመታቸው ቁልፎችም ጥቂት ናቸው፤ ሌላው በመቶ ምት የሚሠራውን በሁለት ምት ስለምትጨርስ። ሥራ ባቀለለች ቁጥር ፕሮግራሙ ሰነፍ ይላታል።

በማግስቱ ስብሰባ ገባች። ክሬግ የቡድኑ አለቃ ነው፤ ቦታውን ከያዘ ሰባት ወሩ። የሰው ልደት የማይረሳ፣ ሲያዩት ደግ የሚመስል ሰው ነው፤ ብቻ የሰው ፊት ከሚያይ ሰንጠረዥ ቢያይ ይቀለዋል። አጠገቡ የኤችአሯ ሴትዮ እስክሪብቶ ይዛ ተቀምጣለች።

«ኢብሲቱ፣ የጠራንሽ ልንወቅስሽ አይደለም» አለ ክሬግ። «ነገሩን ለመረዳት ፈልገን ነው።»

«ሥራዬን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ። ጥሩ ሥራ ነው።»

«ከቀኑ ያሳለፍኩት አለ?»

«የለም። እንዲያውም ከቀኑ ቀድመሽ ነው የምታስረክቢው።» ክሬግ ፊቱ ያለውን ሰንጠረዥ አመለከተ። «ግራ የገባን እሱ ነው። ሥራው አልቋል፤ ኮምፒውተርሽ ግን ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትቶ ይውላል። ታዲያ ሥራውን የሚሠራው ማነው?»

ኢብሲቱ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

«ምን ማለትህ ነው?»

የኤችአሯ ሴትዮ ለስለስ ባለ ድምፅ ጣልቃ ገባች፦ «አንዳንዴ ሰዎች ሥራቸውን ለዘመድ ይሰጣሉ። ወይም ውጭ አገር ላለ ሰው። እንዲህ ያለ ነገር ካለ አሁን ብትነግሪን ይሻላል።»

ውጭ አገር ላለ ሰው! ጠረጴዛው ዙሪያ ከተቀመጡት ሦስት ሰዎች ውጭ አገር ዘመድ አለው ተብሎ የሚጠረጠር ማን እንደሆነ ለኢብሲቱ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም። የሹራቧን እጅጌ ሰብስባ ቀኝ እጇን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ሁለቱ የኦፕራሲዮን ጠባሳዎች አንጓዋ ላይ ተጋድመዋል።

«የሚሠራው ይሄ ነው» አለች። «ማውስ መያዝ አይችልም። ስለዚህ ያለ ማውስ መሥራት አስተማርኩት። አቋራጭ ነው የምጠቀመው፤ ሁሉንም በኪቦርድ።»

«ሁላችንም አንዳንድ አቋራጭ እንጠቀማለን» አለ ክሬግ ፈገግ ብሎ። «ኮፒና ፔስት። ግን ሠላሳ አንድ ከመቶ…»

«እኔ የምልህ ስለ ኮፒና ፔስት አይደለም።»

«ቁጥሩ የሚለውን ነው የምነግርሽ።»

የማስጠንቀቂያ ወረቀት አወጡ። ፈርሚ አሏት።

«አልፈርምም» አለች።

«መፈረም ማለት ማመን አይደለም፤ መቀበልሽን ብቻ ነው የሚያሳየው» አለች ሴትዮዋ።

«እኔም አልተቀበልኩትም» ብላ ተነሥታ ወጣች።

ምሳ ሰዓት ላይ አክሊሉ ተከትሏት መጣ። አክሊሉ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ከእሷ አሥር ዓመት ያንሳል፤ በቡድኑ ውስጥ አማርኛ የሚያወራት እሱ ብቻ ነው። ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሰማሁ። ግን ኢብሲቱዬ፣ ይሄ እኮ በአንድ ቀን የሚፈታ ነገር ነው። ኦንላይን አንዲት ትንሽ ሰሃን የምትመስል ነገር ትሸጣለች። ማውሱን ላይዋ ታስቀምጪዋለሽ፤ ራሷ ስትዞር ማውሱን ታንቀሳቅስልሻለች። አለቀ።»

«ይህን አንተ በምን አወቅህ?»

አክሊሉ ሳቅ አለ። «የእኔ ስኮር ስንት ነው?»

ሁሉም ያውቀዋል። ዘጠና ስድስት ከመቶ። በየሳምንቱ ከቡድኑ አንደኛ ተብሎ ስሙ በአረንጓዴ የሚወጣው አክሊሉ ነው።

«እኔ ብቻ መሰልኩሽ?» አለ። «ቢያንስ አምስታችን አለን። ዋናው ሥራውን መሥራት ነው፤ እነሱ እንቅስቃሴ ከፈለጉ እንቅስቃሴ እንስጣቸው። ዝም አይነቅዝም።»

«ዝም አይነቅዝም ያለው ሰውዬ ስሙ በቀይ ተጽፎ አያውቅም» አለች ኢብሲቱ። «የሚያጭበረብረው አረንጓዴ፣ የሚሠራው ቀይ! እኔ ማውሱን በሰሃን ሳዞር ከተገኘሁ ደግሞ በእውነት አታላይ ሆንኩ ማለት ነው። የሰደቡኝን ስድብ ራሴ እውነት ላደርግላቸው?»

«እኔ ለአንቺው ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። አልናገርብህም፤ አትፍራ። ሰሃኗን ግን አልገዛም።»

ፊሊፕስ በሚባለው ሰፈር ካለው ቤቷ ስትደርስ ቢራቱ ከሥራ ገብቶ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ሽንኩርት እየከተፈ ነበር። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው። ሰምቶ ሰምቶ ቢላዋውን አስቀመጠ።

«እኔን ጠርተው» አለ፣ «ሰዉን ሁሉ በሰዓቱ በሰላም አድርሰሃል፣ ግን መሪውን ብዙ አላዞርክም፤ አውቶቡሱን ማን ነው የሚነዳልህ? እንደማለት እኮ ነው!»

ኢብሲቱ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቁ ሳያልቅ ግን እንባ መጣባት። አሥራ ሁለት ዓመት ሰው ስታነሳ አንድ ቀን እንኳ ሥራ ፈት ተብላ አታውቅም። እጇ የተጎዳው ሥራ ላይ ነው። ያ የተጎዳ እጅ እንዳያግዳት ብላ የተማረችው ነገር አሁን ወንጀል ሆኖ መጣ።

ሶፋው ላይ ስልኳን ይዛ የተጋደመችው ኢሊሊ ቀና አለች። «ማም፣ ጀስት ሾው ዴም፤ በቃ አሳዪአቸው» አለች። «ሳያዩሽ እንዴት ያምኑሻል?»

በማግስቱ ኢብሲቱ ለክሬግ ጻፈች። አንድ ሰዓት እንዲሰጣት፣ ሥራውን እሱ ራሱ እንዲመርጥ፣ የኤችአሯ ሴትዮም እንድትገኝ ጠየቀች። ክሬግ ሁለት ቀን ዝም አለ። እሷ በየቀኑ ያንኑ ደብዳቤ መልሳ ላከችለት። በሦስተኛው የሥራ ቀን እሺ አለ፤ አንድ ነገር ግን ጨመረ፦ ለማነጻጸር እንዲያመች ያንኑ ሥራ በቡድኑ ውስጥ ከፍተኛ ስኮር ያለው ሰውም እዚያው ይሥራው። ከፍተኛ ስኮር ያለው አክሊሉ ነው።

በተከታዩ ሳምንት ዓርብ ጠዋት አነስተኛው የስብሰባ ክፍል ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር ተደረደረ። አክሊሉ ፊቱ ገርጥቷል፤ ሰሃኗ የራሱ ጠረጴዛ ላይ ቀርታለች፤ እዚህ እጁ ብቻ ነው ያለው። ኢብሲቱ ማውሱን ከኮምፒውተሯ ነቀለችና ለክሬግ ሰጠችው።

«ያዝልኝ» አለችው።

ሥራው ይህ ነበር፦ አንድ ደንበኛ የመደርደሪያ ቁጥር አሰጣጡን ለውጧል፤ አሮጌው አሰጣጥ በአርባ ሦስት ፋይሎች ውስጥ ተበትኖ ይገኛል፤ ሁሉም ቦታ መለወጥና መፈተሽ አለበት።

ኢብሲቱ ጀመረች። ክሬግ ከኋላዋ ቆሟል። ፋይሉን በስሙ ጠራችው፤ ተከፈተ። የአሮጌው አሰጣጥ ስም መጀመሪያ ወደተጻፈበት ቦታ በአንድ ቁልፍ ዘለለች፤ ለወጠችው፤ አርባ ሦስቱም ፋይሎች አብረው ተለወጡ። በእጅ መታየት ያለባቸውን ፈልጋ አወጣችና፣ ሃያ መስመር በአንዴ ይዛ፣ አንዱን ስታርም ሃያው አብሮ ታረመ። የሚታየው ጽሑፍ ከገጽ ገጽ ይዘላል፤ ጣቶቿ ግን ዳንቴል እንደሚሠራ ሰው ከቦታቸው ብዙም አይርቁም።

«ቆይ፣ አሁን ምን አደረግሽ?» አለ ክሬግ።

«ስጨርስ እነግርሃለሁ።»

መፈተሻውንም ከዚያው ከኪቦርዱ አስነሣችው። ሁሉም አለፈ። በአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ እጇን አንሥታ ጭኗ ላይ አኖረች።

አክሊሉ በጨዋነት ሠራ፤ ጎበዝ ልጅ ነው። አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ፈጀበት፤ ሁለት ፋይሎች አምልጠውትም ተመልሶ አረመ።

«አሁን ፕሮግራማችሁን ክፈቱት» አለች ኢብሲቱ።

ክሬግ ከፈተው። አክሊሉ፦ ሰማንያ ስምንት ከመቶ፣ አረንጓዴ። ኢብሲቱ፦ ሃያ ሁለት ከመቶ፣ ቀይ። ከስሟ ጎን «ሥራ ፈት» ይላል።

የኤችአሯ ሴትዮ መጻፏን አቆመች።

«አየህ?» አለች ኢብሲቱ። ቀዩን ቁጥር በጣቷ ነካችው። «እዚህ ቆመህ በዓይንህ እያየኸኝ ሥራ ፈት ይለኛል። ይህን ይዘህ ነው ሥራሽን ማን ይሠራልሻል ያልከኝ። ውጭ አገር ሰው ቀጥረሻል ወይ ያላችሁኝ።»

«የሚደንቅ ነው» አለ ክሬግ፣ ማውሱ አሁንም እጁ ውስጥ እንዳለ። «በእውነት የሚደንቅ። ይህን ለቡድኑ ሁሉ ብታስተምሪልን…»

«መጀመሪያ ወረቀቱን አንሡ።»

«እሱማ ይስተካከላል።»

«ይስተካከላል አይደለም። ወረቀቱ ከፋይሌ ይውጣ። መሳሳታችሁም በጽሑፍ ይሰጠኝ። ከዚያ አስተምራለሁ።»

አክሊሉ ይህ ሁሉ ሲሆን አንገቱን አቀርቅሮ ነበር። ሲወጡ ሊፍቱ አጠገብ ጠበቃት።

«አንድ ቃል ብትናገሪ አለቀልኝ ነበር» አላት። «ለምን ዝም አልሽ?»

«የእኔን ተናገርኩ። የአንተን መናገር ያለብህ አንተ ነህ።»

«ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ኢብሲቱ።»

«አውቃለሁ» አለች። በዚያች ደቂቃ በእሱም ተናድዳለች፤ አዝናለታለችም። እሱ አልተናገረም። እሷም ዳግመኛ አላነሣችበትም።

ደብዳቤው አምስት ሳምንት ፈጀ። መጀመሪያ የመጣው «አለመግባባት ተፈጥሮ ነበር» ይላል፤ መለሰችው። ሁለተኛው «መረጃው ሙሉ አልነበረም» ይላል፤ እሱንም መለሰችው። ቢራቱ «በቃ ተቀበያቸው፣ ደከመሽ እኮ» ሲላት «እነሱም ይድከሙ» አለችው። ሦስተኛው «በወይዘሮ ኢብሲቱ ላይ የቀረበው ጥርጣሬ ስህተት ነበር፤ ይቅርታ እንጠይቃለን» ብሎ መጣ። በክሬግና በኤችአሯ ሴትዮ ተፈርሟል፤ የማስጠንቀቂያው ወረቀትም ከፋይሏ ወጥቷል። ያንን ተቀበለች።

ቃሏንም ጠበቀች። በየሳምንቱ ረቡዕ፣ ከምሳ በኋላ፣ ለግማሽ ሰዓት አስተማረች፤ በአንድ ቀን አንድ አቋራጭ ብቻ። አሥራ አንድ ሰው መጣ። አክሊሉ ከፊት ወንበር ተቀመጠ፤ ጥሩ ተማሪም ወጣው። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ወጣት ሠራተኛ እጇን አውጥታ «ይህን ብንለምድ የእኛም ስኮር አይወርድም?» ብላ ጠየቀች።

ኢብሲቱ ከኋላ የቆመውን ክሬግን አየችው። ክሬግ መስኮቱን አየ።

«ይወርዳል» አለች ኢብሲቱ። «ማስተካከያውን አለቃችሁን ጠይቁ። እኔ ብቻዬን ነፃ ወጣሁ እንጂ ፕሮግራሙ እናንተን አሁንም እየቆጠረ ነው። ይህ ደግሞ ነውር ነው።»

እውነቷን ነበር። እሷን ብቻ ከቆጠራው አውጥተዋት ነበር፤ በሐኪም ወረቀት፣ በጉዳተኛነት። ፈጣን ስለሆነች ነው ሊሉ አልፈለጉም፤ እጇ ስለተጎዳ አሉ።

ፕሮግራሙ የተነሣው በሰኔ ነው። ክሬግ በስብሰባ ላይ አስታወቀ፦ ኮንትራቱ ስላበቃና ዋጋው ስለተወደደ አይታደስም፤ እስካሁን ግን በሚገባ አገልግሎናል። ሰዉ አጨበጨበ። ኢብሲቱ አላጨበጨበችም። እጇን አወጣች።

«የተነሣው ተወዶ ነው ወይስ ተሳስቶ?» አለች።

«እንግዲህ… በጀት ነው ዋናው ምክንያት።»

«ርካሽ ቢሆን ይቆይ ነበር ማለት ነው?»

ክሬግ ወደሚቀጥለው ርእስ አለፈ። ኢብሲቱም ጥያቄዋን፣ መልስ አለማግኘቷንና ቀኑን ደብተሯ ላይ ጻፈችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።